ለባለቤቴ ኩላሊቷን የሰጠችውን እህቱን በፋሲካ «አትምጪ» ልበላት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ የ38 ዓመት ሰው ነው፤ መምህር ነው። ሁለት ዓመት ያህል በኩላሊት እጥበት ከተንከራተትን በኋላ የዛሬ 14 ወር አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ኩላሊቱን የሰጠችው ታላቅ እህቱ ናት። ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ናት። ሐኪሞቹ «አስቢበት» ሲሏት «ያሰብኩትን አስቤ ነው የመጣሁት» ብላ ነው የፈረመችው።

ሰሞኑን ደወለችና «በፋሲካ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንፈስካለን» አለችኝ። ደስ አለኝ። ወሬያችንን ልንጨርስ ስንል ግን «ሰፈራችን ኩፍኝ ገብቷል፣ የጎረቤት ሁለት ልጆች ወጥቶባቸዋል፤ የእኔዎቹ እግዜር ይመስገን ደህና ናቸው» አለች። ልጆቿ 11፣ 6 እና 2 ዓመታቸው ነው። ትልቁ ተከትቧል ትላለች፤ የሁለቱ «መንገድ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ቀረ» ነው የምትለው።

ለባለቤቴ ፍርሃቴን ብነግረው «ሥጋዋን ቆርሳ ሰጥታኝ ልጆቿን ከደጄ ልመልስ? ከመሞት በላይ ምን ይመጣል?» ብሎ ተቆጣኝ። አማቴ ደግሞ «ኩፍኝ የልጅ ነው፤ እሱ በልጅነቱ አውጥቶታል» ይላሉ። የእኛም ልጆች አሉ፤ ሴቷ 5 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 8 ወሩ። አንዲት ጎረቤቴ «የኩፍኝ ክትባት ሕያው ቫይረስ ነው፣ ሕፃኑ ከተከተበ አባቱን ያስይዘዋል» ስላለችኝ የራሴንም ልጅ ለማስከተብ ፈራሁ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የባሏን ዘመድ ከደጅ የመለሰች ተብዬ ልቅር ወይስ ዝም ልበል?

ጭንቅ የያዛት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ኩፍኙን ከውለታው ለይቼ ለማየት ሞከርኩ፤ አልተለየልኝም። ለአንቺም ያልተለየልሽ ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ግን ፍርሃትሽ ትክክል መሆኑን ልንገርሽ። አላጋነንሽም፤ ክፉም አልሆንሽም። በዚያ ስልክ ላይ ሁሉም ሰው የፋሲካውን ወሬ ሲሰማ አንቺ ኩፍኙን ሰማሽ። የታመመ ሰው ለዓመታት ያስታመመ ጆሮ እንዲህ ነው።

ባለቤትሽ ጠዋትና ማታ የሚውጣቸው መድኃኒቶች፣ ታክሮሊመስም ይሁን ማይኮፌኖሌት ወይም ፕሬድኒሶሎን፣ ሥራቸው አንድ ነው። ኩላሊቱ የእህቱ ቢሆንም ሰውነቱ ዛሬም እንግዳ መሆኑን ያውቃል፤ እንዳያጠቃው ነው ዘበኛውን፣ ማለትም የሰውነቱን የበሽታ መከላከያ፣ የሚያደነዝዙት። ኩፍኝ ሲመጣ የሚዋጋለትም ያው ዘበኛ ነው። ስለዚህ ለጤነኛ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሳምንት አንገላቶ የሚያልፍ ኩፍኝ እሱን ለከባድ የሳንባ ምች፣ አንዳንዴም ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ለሚመጣ የአንጎል ሕመም ሊዳርገው ይችላል። ደግሞ የምናውቀው ቀይ ሽፍታ የሚወጣው ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ሲታገል ነው። ትግሉ በደከመበት ሰው ላይ ሽፍታው ጨርሶ ላይወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪምም ቶሎ ላይለየው ይችላል።

አማትሽ የተናገሩት ከባዶ የመጣ አይደለም። በልጅነቱ ኩፍኝ የያዘው ጤነኛ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተመልሶ አይዘውም። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ግን በዚያ ብቻ መተማመን የለበትም። ድሮ ደግሞ ሽፍታ ያለው ትኩሳት ሁሉ ኩፍኝ ይባል ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት የኩፍኝ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚያመርተው ነገር፣ በደሙ ውስጥ ተመርምሮለት ይሆን? በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮው ይህን ጠይቁልኝ። አማትሽን በክርክር ለመርታት አትድከሚ፤ «እማማ፣ ሐኪሙን እንጠይቅለት» ማለት ይበቃል።

እሱ ራሱ ለምን አይከተብም ብለሽ ይሆናል። የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለእሱ አይሰጥም። መከተብ የሚያስፈልገው ሰው የሚከተበው ከንቅለ ተከላው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። አሁን የእሱ መከላከያ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ክንድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። የአንቺ፣ የልጆችሽ፣ የእታለም፣ የእታለም ልጆች።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። እታለም «የእኔዎቹ ደህና ናቸው» ያለችው እውነቷን ነው፤ ዛሬ ደህና ናቸው። ኩፍኝ ግን ከታመመ ልጅ ጋር ከተገናኙበት ቀን አንስቶ ሽፍታው እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ 21 ቀን የሚደርስበትም ጊዜ አለ። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ ደግሞ ልጁ ሌላውን ማስያዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚታይበት ጉንፋን የመሰለ ነገር ብቻ ነው፤ አፍንጫው ይፈሳል፣ ዓይኑ ቀላ ይላል፣ ያስለዋል። የሁለት ዓመቱ ልጅ በፋሲካ ዋዜማ ከመናኸሪያ ወርዶ፣ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ ሮጦ አጎቱ ጭን ላይ ሲወጣ ይታይሽ። ማን ይከለክለዋል? ባለቤትሽ አቅፎ ይስመዋል እንጂ። ባያቅፈውም ለውጥ የለውም፤ ቫይረሱ በአየር ነው የሚሄደው። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል እዚያው ይቆያል። መከላከያ የሌላቸው 10 ሰዎች ከበሽተኛው ጋር ቢሰነብቱ 9ኙን ይይዛቸዋል።

ስለዚህ ሳልሸፋፍን የምነግርሽ ይህ ነው፦ በዚህ ፋሲካ ልጆቹ ባይመጡ ይሻላል። ዛሬ ቢከተቡም እንኳ። ክትባቱ ጤነኛ ልጅን ከበሽተኛ ጋር ከተገናኘ በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰለት ሊያድነው ይችላል፤ የጎረቤት ልጆች ግን መቼ እንደጀመራቸው አናውቅም። ምናልባት ቫይረሱ ቀድሟቸው ይሆናል።

ይህን ማን ይንገራት ነው ጥያቄው። አንቺ አይደለሽም። ባለቤትሽ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለመሆኑ ስለዚህ መድኃኒት እታለምን ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ሰው አለ? ለቀዶ ጥገናው ስትዘጋጅ ስለራሷ ሰውነት ብዙ ተነግሯታል። ወንድሟ ከዚያ በኋላ ምን ሲውጥ እንደሚኖር፣ ያም ከምን እንደሚያጋልጠው ግን የነገራት አለ? ደብዳቤሽን ሳነብ የታየችኝ እታለም ይህን ብታውቅ ልጆቿን ይዛ ከመምጣት አውቶቡሱን መልሳ የምትሄድ ሴት ናት። ለዚያ ኩላሊት ከእሷ የበለጠ የሚሳሳ ማን አለ? እናንተ ቅር ይላታል ብላችሁ የምትደብቋት ነገር እሷ ቀድማ ማወቅ የሚገባት ነው።

ባለቤትሽን ስታነጋግሪው ጊዜውን ምረጪ። የማታውን መድኃኒት በስንት ሰዓት ነው የሚወስደው፣ 2 ሰዓት? ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ አጠገቡ ተቀመጪ። ስለ ኩፍኝ አትጀምሪ። «ከመሞት በላይ ምን ይመጣል» ያለውን አንሺና «ለምን እንዲህ አልከኝ?» በይው። ሁለት ዓመት በማሽን ደሙ ሲታጠብ የኖረ ሰው ይህን ሲል አንዳንዴ ከቁጣው ሥር ድካም አለ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሕይወቱን በእህቱ ዕዳ እንደያዘው ይሰማዋል። ያን ሳያወጣ ምክንያት ብትደረድሪለት አይሰማሽም። ካዳመጥሽው በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ከእታለም ልጅ ኩፍኝ ይዞህ ኩላሊቱ ቢበላሽ፣ እሷ ምን ሆና ትኖራለች? ልጁስ ሲያድግ ምን እየተባለ ያድጋል?» ባለቤትሽ የሚያስበው የእህቱን ክብር ነው። ክብሯ የሚጠበቀው በየትኛው እንደሆነ ራሱ ይመዝነው፤ አንቺ መልሱን አትንገሪው።

ሲደውልላት እንዲህ ቢል ደስ ይለኛል፤ ወደራሱ አነጋገር ይመልሰው እንጂ፦ «እታለም፣ አንቺ የሰጠሽኝን ለመጠበቅ የምወስደው መድኃኒት ከኩፍኝ ጋር መዋጋት አያስችለኝም። እኔ መከተብ አልችልም። ልጆቹ ደህና መስለው እንኳ ይዘውት ሊመጡ ይችላሉ። ናፍቀውኛል። ይህች ወረርሽኝ ትለፍና እኔው ጠርቼ በግ አርጄ እቀበላቸዋለሁ።» ይህን ሲላት አንቺ አጠገቡ ሁኚ፤ ቃሉን ግን አትንጠቂው። «ሚስቱ ከለከለችው» የሚለው ወሬ የሚቆረጠው እሱ በራሱ አፍ ሲናገር ነው።

የፍስኩ ነገር አያሳስባችሁ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን አለ፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በርክበ ካህናት ሰሞን ብትገናኙ ያው የፋሲካ ጊዜ ነው። ቀኑን ስትቆርጡ ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። ልጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ ከታመመ ልጅ ጋር ከዋሉበት ቀን 21 ቀን ያለ ትኩሳትና ያለ ሽፍታ ማለፍ አለበት። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ የታመመ ልጅ ከተሰማና አብረው ከዋሉ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። እነሱም ከያዛቸው ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን በኋላ አያስተላልፉም፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪያገግሙ ብትቆዩ እመርጣለሁ።

እታለምስ ብቻዋን ልትመጣ ትችላለች? አዎ፤ ኩፍኝ በእርግጥ ይዟት ካለፈ ወይም ከተከተበች። ኩላሊቷን የሰጠች ሰው ወንድሟ የሚወስደውን መድኃኒት አትወስድም፤ ለመከተብ አንድ ኩላሊት መሆኗ አይከለክላትም። ከተከተበች በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ፤ ጊዜው አላችሁ፣ ብዙ ግን አትዘግዩ። ምናልባት ልጆቹን በዚህ ሰዓት ትታ መምጣት አትፈልግ ይሆናል። ያን ጊዜ የልጆቹን የፋሲካ ልብስ አሁኑኑ ገዝተሽ በሰው ላኪላቸው። ከበዓሉ በፊት ይድረስ።

ስለ እሷ ልጆች ሳስብ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይይዘኛል። ኩፍኝ ለባለቤትሽ ብቻ አደጋ አይደለም፤ ያልተከተበ የ2 ዓመት ልጅንም ይገድላል። እኔ ልጅ ሆኜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ታናሽ ወንድሜ ኩፍኝ ይዞት በሩ ላይ ጋቢ ተጋርዶ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ቀን ሲተኛ አስታውሳለሁ። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር፤ ግን «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» ተባለና አልሄደም። ተረፈ፤ አንድ ጆሮው ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም። ስለዚህ እታለም ነገ ዛሬ ሳትል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ታግኛት። በአገራችን መደበኛው ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያለፋቸው ልጆች አሁንም ሊካካስላቸው ይገባል፤ የ6 ዓመቷንና የትልቁንም ጉዳይ ትጠይቅ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጅ የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። ለዚህ ነው አንድ ልጅ ብቻ ይዛ የሄደች እናት «ልጆች ሲሞሉ ተመለሽ» ልትባል የምትችለው። እታለም የጎረቤቶቿን ልጆች ሰብስባ ብትሄድ ብልቃጡ ይከፈታል፣ ሰፈሩም ይጠበቃል። ከልጆቹ አንዱ ትኩሳት ከጀመረው ደግሞ በሩን ዘግታ አታስተኛው። ወደ ጤና ጣቢያ ትውሰደው፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ የሚሰጥ ቫይታሚን ኤ አለ፤ ዓይኑንም ሕይወቱንም ያተርፋል። ጡቱን፣ ምግቡን፣ ውሃውን አታቋርጥበት።

ወደ አንቺ ቤት ልመለስ። ጎረቤትሽ ግማሹን እውነት ይዛለች። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ነገር ግን የተከተበ ልጅ የክትባቱን ቫይረስ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ራሳቸው «የቤት ሰው ሁሉ ይከተብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሕፃኑ 9 ወር እስኪሞላው አንድ ወር ብቻ ነው የቀረው፤ ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ግን ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ክትባት ሊሰጥ ስለሚችል የአባቱን ሁኔታ ነግረሽ ጤና ጣቢያውን ጠይቂ። ያ ከተሰጠው የ9 ወሩና የ15 ወሩ አይቀርም። የሴቷ ልጅሽ ካርድ ጠፍቶ ከሆነ አንድ ተጨማሪ መርፌ አይጎዳትም። አንቺም ኩፍኝ ይዞሽ እንደነበር ካላወቅሽ ተከተቢ፤ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም በዚህ ወር ለማርገዝ ካሰብሽ ግን አይሆንም፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ከኩፍኙ ጋር የማይደባለቅ ነገር ቢኖር የፖሊዮ ጠብታ ነው። የጠብታው ቫይረስ በልጁ ሰገራ ለሳምንታት ይወጣል። ዘመቻ መጥቶ ቤት ለቤት ሲሰጥ ለከታቢዎቹ የአባቱን ሁኔታ ንገሪ፣ የእሱንም ሐኪም አማክሪ። ከተሰጠው ባለቤትሽ ዳይፐር አይቀይር፤ አንቺም እጅሽን በሳሙና ደህና አድርገሽ ታጠቢ።

የምትችይውን ሁሉ አድርገሽም አንድ ቀን «ትናንት አብረን የቆየነው ልጅ ኩፍኝ ወጣበት» የሚል ስልክ ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን ባለቤትሽ እስኪያመው አትጠብቂ። በዚያው ዕለት ንቅለ ተከላ ለሚከታተሉት ሐኪሞች ደውሉ። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል፣ ከሌሎች ሰዎች ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ የሚጠቅመው ከታማሚው ጋር ከተገናኘ በ6 ቀን ውስጥ ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዓባይ በረሃን መሻገር አለ፣ መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል፤ 6 ቀን ብዙ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ ደውለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ እዚህ አካባቢ ወይም ባሕር ዳር መድኃኒቱ የት ይገኛል? በምሽትና በበዓል ቀን የሚነሳው ስልክ የትኛው ነው? ትኩሳት ወይም ሳል ከያዘው ደግሞ ወደ ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ተራ ከሚጠብቀው ሰው መሃል እንዳይቀመጥ።

«ሰውነቱ እንዲጠነክር መድኃኒቱን ትንሽ ይቀንስ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ግን እሺ አትበይ። ኩላሊቱ የሚጠፋው እንዲህ ነው። የሚቀነስ ነገር ካለ ሐኪሙ ይቀንሰው።

የትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ካለ አትከልክይው። ብዙ ሰው በቅጽሩ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያስቀድሰው፤ እሱም ከዛፉ ሥር፣ ንፋስ ከሚያገኘው ቦታ፣ ሕፃናት ከተጨናነቁበት ራቅ ብሎ ማስክ አድርጎ ይቁም። ማስክ ብቻውን ኩፍኝን አያቆምም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

አሁን ይህን አድርጊ። ባለቤትሽ ከእታለም ጋር ተነጋግሮ ሲጨርስ ስልኩን ተቀበይው። ስለ ኩፍኝ አታንሺ፤ እሱ ነግሯታል። «ጎንሽ እንዴት ነው?» በያት፤ ቀዶ ጥገናው የነካውን ጎኗን። ኩላሊት የሰጠ ሰው በየዓመቱ ደም ግፊቱን፣ ሽንቱንና የኩላሊቱን ሥራ መታየት አለበት። አንድ ዓመት አልፏል። ታይታ ከሆነ ጠይቂያት፤ ካልታየች «ርክበ ካህናት ላይ ስትመጪ ማርቆስ ሆስፒታል እኔ እወስድሻለሁ» በያት።